መኪናው አገር ቤት፣ ባለቤቱ ውጭ፦ ኢንሹራንስ ሳይኖር ልጁ ሲጋጭ

ብዙዎቻችን አገር ቤት መኪና ገዝተን እናስቀምጣለን። ለእረፍት ስንገባ እንነዳዋለን፤ ቀሪውን ጊዜ እናታችን ግቢ ሸራ ለብሶ ይቆማል። «ለቆመ መኪና ምን ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል?» ይባልና የዓመቱ ክፍያ ይዘለላል። ቦሎውም አብሮ ያልፍበታል። አንድ ቀን የእህት ልጅ «ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩን ላሙቀው» ብሎ ቁልፉን ያነሳል። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ እስከ ዳቦ ቤት፣ ቀጥሎ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቹ ጋር።

አደጋ ሲደርስ ጣጣው የልጁ ብቻ ይመስለናል። ሕጉ እንደዚያ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ልጁ ሳይፈቀድለት ቢነዳም እንኳ። አንዱ ማምለጫ መኪናው ያኔ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። የእህቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ካለ ይሞክረው። ሌላው ማምለጫ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የተጎጂው መሆኑን ማሳየት ነው፤ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ተጎጂው ሊብሬው (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር) ላይ ስሙ ያለውን ሰው ይከሳል። ውጭ መኖራችሁ ክሱን አያስቆመውም። አገር ውስጥ ቤት ወይም የባንክ ሂሳብ ካላችሁ ለፍርዱ ማስፈጸሚያ ሊውል ይችላል። መኪናቸውን በውክልና «ሸጠው» ስም ሳያዛውሩ የተቀመጡ ሰዎችም ከዚህ ጣጣ አያመልጡም። ብሩን ከተቀበሉ ዓመታት ቢያልፉም መጥሪያው በእነሱ ስም ሊመጣ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ ሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው ካሳ የሚከፍል ኢንሹራንስ ሳይኖር፣ መንዳትን ብቻ ሳይሆን ሌላው እንዲነዳ መፍቀድንም ይከለክላል። ኢንሹራንስ በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ለእንዲህ ያሉ ተጎጂዎች ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ካሳ ማግኘት ይችላል። ግን እፎይ አትበሉ፤ ፈንዱ የከፈለውን ዞሮ ከባለቤቱ ይጠይቃል። ሦስተኛ ወገን ቢኖራችሁም ክፍያው ጣሪያ አለው፣ ከጣሪያው በላይ ያለው የእናንተ ዕዳ ነው። የራሳችሁን መኪና ጥገና ደግሞ ጭራሽ አይነካም። በነገራችን ላይ ሙሉ ኢንሹራንስ የገባችሁም ብትሆኑ፣ ነጂው መንጃ ፈቃድ ከሌለው ድርጅቱ የመኪናችሁን ጉዳት እንደማይከፍል ቁጠሩት።

የአደጋው የወንጀል ቅጣት ግን በነዳው ልጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰው ከሞተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይመጣል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ አለው። ሆን ብሎ ደንብ በመጣስ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት ነገሩን ወደዚህ ሊጎትተው ይችላል።

አደጋውን የሚነግረው ስልክ ከአገር ቤት ሲደወል ከሚመጡት ሐሳቦች አንዱ «መንጃ ፈቃድ ያለው አጎቱ ነበር የነዳው እንበል» የሚል ነው። በፍጹም እሺ አትበሉ። አጎትየውንም ለሌላ ወንጀል ታጋልጡታላችሁ። ዛሬ ተሯሩጦ ኢንሹራንስ መግዛትም የትናንቱን አደጋ አይሸፍንም። ይልቅ የተጎዳው ሰው ሕክምና ማግኘቱን አረጋግጡ፤ ለሆስፒታሉ የምትከፍሉበት ደረሰኝ በታካሚው ስም ይሁን። ሰው ከሞተ ሽማግሌ ይዞ ለቅሶ መድረስ ተገቢ ነው። ዕርቅ ክሱን አያጠፋውም፤ ካሳ መክፈል ግን ቅጣት ሲወሰን ማቅለያ ሊሆን ይችላል። የምትሰጡት ብር በጽሑፍና በምስክር ይሁን። «ለቤተሰቡ ሰጥተናል» የሚል የቃል ወሬ ፍርድ ቤት ብዙ አይረዳችሁም።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽም ሰው ደግሞ ውክልና ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጠቅላላ ውክልና ለዕለት አስተዳደር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ለመክሰስ፣ ለክስ መልስ ለመስጠትና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እነዚህን ሥልጣኖች አንድ በአንድ አስጽፉ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከፈረማችሁ በኋላ ወረቀቱ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል አደጋ ሳይመጣ አዘጋጁት። ተወካዩም የልጁ እናት ባትሆን ጥሩ ነው፤ ልጇ ታስሮ ስለ ካሳ መደራደር ይከብዳታል።