ከአባይ ቁልቁለት በኋላ ደጋግሞ የሚተነፍስ የብስክሌት ጎማ

በቡድን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በብስክሌት ስንጓዝ፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለውን ከ1,000 ሜትር በላይ የሚሆን ቁልቁለት ወርደን ደጀን ከወጣን በኋላ የአንዱ ባልደረባችን የኋላ ጎማ ቀስ እያለ መተንፈስ ጀመረ። እሾህ ይሆናል ብለን የውጪውን ጎማ በጣት ዳሰስነው፤ ምንም የለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ጎሚስታ ለጠፈልን፣ ደምበጫ ሳንደርስ ተነፈሰ፤ አዲስ የውስጥ ጎማ ብናስገባም ቡሬ ላይ ያው ሆነ።

መንስኤውን ያገኘነው የውስጡን ጎማ ስናወጣ ቀኝ ጎኑን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገን፣ ነፍተን ውሃ ውስጥ ስንነክረው ነው። አረፋው የሚወጣው ወደ መሬት ከሚዞረው ወገን ሳይሆን ቸርኬው ላይ ከሚያርፈው ወገን ነበር። ቫልቩን ከቀዳዳው ጋር አስተካክለን ቦታውን ስናመሳክር፣ የሽቦዎቹን ቀዳዳዎች የሚሸፍነው የፕላስቲክ ጥብጣብ ወደ ጎን ሸሽቶ አንዱ ቀዳዳ በግማሽ ተገልጧል፤ የውስጡን ጎማ የሚበሳው የዚህ ቀዳዳ ጠርዝ ነበር ማለት ነው። በቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ቸርኬውን ሲያግለው ጥብጣቡ ለስልሶ ሳይንሸራተት አልቀረም።

ጥብጣቡን አውጥተን፣ ቸርኬውን በደረቅ ጨርቅ ወልውለን፣ ከፋርማሲ የተገዛ የጨርቅ ፕላስተር በቸርኬው ስፋት ልክ ሰንጥቀን ሁለት ዙር አጥብቀን ጠመጠምንበት፤ የቫልቩን ቀዳዳ ብቻ በመቀስ ጫፍ ከፈትን። የኤሌክትሪክ ናስትሮ በየሱቁ ቢገኝም ሲሞቅ ሙጫው ስለሚለቅ አልመርጠውም። ከዚያ በኋላ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር እስክንገባ ጎማው አየር አልጎደለበትም።