ደረቁን ጨርቅ ጣሉት፦ አዲስ መኪናቸውን በእጃቸው ለሚያጥቡ ጀማሪዎች

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ፖሊሽ ነው በደንብ የሚያብለጨልጨው?» ብሎ ነው። መኪናዋ ግን ከፋብሪካ የወጣችው አብለጭልጫ ነው። የእናንተ ሥራ ያንን አለመጫር ነው። ስለዚህ ብራችሁ ቀድሞ መሄድ ያለበት ቀለሙን ወደሚነኩት ነገሮች ነው፦ ወደ ማጠቢያ ጓንቱ፣ ወደ ፎጣው፣ ወደ ባልዲው። የሚያብለጨልጨው ጠርሙስ ይደርሳል።

እዚህ ጎንደር ውስጥ መኪና በእጅ እያጠብኩ ነው የምተዳደረው። ላቫጆ ከሚመጡት አዳዲስ መኪኖች ብዙዎቹ ተጭረው የሚመጡት በአደጋ አይደለም። ባለቤቱ ወይም የሚወደው ሰው በእጁ የጫራቸው ናቸው።

የጠዋቱ ደረቅ ጨርቅ

ይህን ማየት በእውነት ሰልችቶኛል። ማራኪም ሂዱ ፒያሳ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያው ነው። ሞተር ሳይነሳ አንድ ሰው አሮጌ ቲሸርት ይዞ ኮፈኑን ይወለውላል። ሌሊቱን ያረፈው አቧራ እዚያው ላይ አለ። ውሃ የለ፣ ሳሙና የለ። ጨርቁ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አንዴ ይራገፍና እንደገና ይሄዳል።

የመኪና ቀለም ላይ ከሁሉም በላይ ያለው ክሊር የምንለው ሽፋን ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከጸጉራችሁ ይቀጥናል። አቧራው ደግሞ የተፈጨ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ብሎ ፒስታ መንገድ የነካ መኪና፣ ይህን ተሸክሞ ነው የሚያድረው። በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት መኪናዋን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጋችኋት ነው።

አንድ ወጣት ጥቁር የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። ከተገዛች ገና ወራት ነው። ጥላ ውስጥ ምንም አይታይባትም። ፀሐይ ላይ አውጣት አልኩት። ኮፈኑ ላይ ፀሐይዋ ባረፈችበት ዙሪያ ሁሉ ክብ ክብ ጭረት፣ ልክ የሸረሪት ድር። ቀለሙ የተበላሸ መስሎት ሻጩን ሊከስ ነበር። «ማነው የሚወለውላት?» አልኩት። «አባባ ናቸው፣ ጥበቃው። በየጠዋቱ፣ አንድ ቀን አስታጉለው አያውቁም» አለኝ። አባባ በፍቅር ነው የሚያደርጉት። ማንም አልነገራቸውም።

የዚህ ጭረት መድኃኒት ክሊሩን ኮምፓውንድ በሚባለው የሚፍቅ ፖሊሽ መፋቅ ነው። በተፋቀ ቁጥር ይሳሳል። አንዴ፣ ሁለቴ ይቻል ይሆናል፤ በየዓመቱ ግን አይቻልም። ካለቀ ወደ ቀለም ቀቢ ነው የሚኬደው።

ረጅም እጀታ ያለው፣ ክር ክር የሆነ መወልወያም ያው ነው። ሱቅ ውስጥ ለስላሳ ይመስላል። አቧራውን ግን በክሮቹ መሀል ይዞ ነው የሚዞረው። አትግዙት። የቆመ አቧራ መኪናን አይጎዳም፤ የሚጎዳት ሲጎተት ነው። ተዉት ይቀመጥ። ለመንዳት መስታወቱንና ስፖኪዮውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሌላውን እስክታጥቡ ድረስ አትንኩት። ጥበቃውንም በትሕትና «አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ መስታወቱን ብቻ ይበቃኛል» በሏቸው።

ኦሞ፣ ላርጎ፣ በረኪና

በረኪና በጭራሽ። ኦሞ ለልብስ ነው። ላርጎ የድስት ዘይት እንዲያነሳ የተሠራ ነው፤ መኪናዋ ላይ ያለውን ዋክስም፣ ቀለሙን የሚከላከለውን ሰም፣ እንደዚያው ያነሳዋል። አንዴ ብታጥቡበት ቀለሙ አይላጥም፤ አትደንግጡ። በየሳምንቱ ከሆነ ግን የቀባችሁትን መከላከያ በየሳምንቱ እያጠባችሁ እየደፋችሁ ነው። የመኪና ሻምፑ ግዙ። ፒኤች 7 ወይም ገለልተኛ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ጨምሩ፤ አረፋ ስለበዛ አይጸዳም፣ ማለቅለቂያ ውሃ ብቻ ነው የሚፈጅባችሁ።

አንድ ባልዲና ቢጫ ስፖንጅ

ስፖንጁ ፊቱ ልሙጥ ነው። አሸዋው የሚገባበት ቦታ ስለሌለ በስፖንጁና በቀለሙ መሀል ይንከባለላል። ጸጉራም የማይክሮፋይበር ጓንት አሸዋውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ታዲያ ጓንቱ መልቀቂያ ይፈልጋል። ሁለተኛው ባልዲ ለዚህ ነው፦ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። አንድ በር ካጠባችሁ በኋላ ጓንቱን ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፉ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው። የማለቅለቂያው ባልዲ ሲያልቅ ታችውን እዩት። ያ ጭቃ በሙሉ መኪናዋ ላይ ሊዞር የነበረ ነው።

«ውሃ ከየት አምጥተን?» የሚለኝ ብዙ ነው። እውነት ነው፤ ቧንቧ ተራው ደርሶ እስኪመጣ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ለትንሽ መኪና ግን ከሁለት እስከ ሦስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። አንዱን ለሁለቱ ባልዲ ታካፍሉታላችሁ። ቀሪውን ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው ማለቅለቂያ። ውሃ የሚቆጥበው ዕቃ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ አለ፦ ገበሬ መድኃኒት የሚረጭበት በእጅ የሚነፋው መርጫ። አዲስ ይሁን፤ ጸረ አረም የነካ መርጫ ወደ መኪናም ወደ እጃችሁም አታስጠጉ። ጓንቱ ከመንካቱ በፊት በዚህ እየረጫችሁ አቧራውን አውርዱ። የማጠቡ ግማሽ ሥራ ይሄ ነው።

ወንዝ ዳር የሚወስዱም አሉ። የወንዝ ውሃ አሸዋና ደለል አለው፤ ባልዲያችሁን ገና ሳትጀምሩ ታቆሽሹታላችሁ። የቀሃ ወንዝ ደግሞ ለጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚገባው ውሃ ነው። ሳሙናና ዘይት አይደፋበትም።

ለአዲስ መኪና ኮምፓውንድ

ጠርሙሱ ላይ የምታብለጨልጭ መኪና ሥዕል ስላለ ብቻ አትግዙ። «ጭረት ያጠፋል» የሚል ከሆነ የሚፍቅ ነገር አለበት ማለት ነው። አዲስ መኪና ምንም የሚፋቅ ነገር የላትም። አንዲት እህት ቀይ መኪናዋን በየሁለት ሳምንቱ በዚያ ስትፈትግ ቆይታ መጣች። የኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ ከሌላው በሚሳሳበት ቦታ፣ ክሊሩ ሄዶ ደብዝዟል። እሱ በፎጣም በዋክስም አይመለስም።

ለጀማሪ የምመክረው የሚረጭ ዋክስ ነው። መኪናዋ ታጥባ ስትደርቅ ትረጫላችሁ፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ታሰራጫላችሁ፣ በጨርቁ ሌላ ገጽ ትጠርጋላችሁ። በቆርቆሮ የሚመጣው ጠጣሩ ዋክስ መጥፎ አይደለም፤ ግን ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ሲነካ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ማስለቀቁም ያደክማል። የሚረጨው ሳምንታት ነው የሚቆየው። ይሁን። ቶሎ ቶሎ መድገሙ እጃችሁን ያለማምደዋል።

«አዲስ ስለሆነች ዋክስ አያስፈልጋትም፣ ቀለሙ ይተንፍስ» የሚባለው ለፋብሪካ ቀለም አይሠራም። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ደርቆ ነው የሚወጣው። መጠበቅ ያለበት ባትላሜራ ጋ ገብቶ እንደገና የተቀባ አካል ነው፤ ስንት ቀን እንደሆነ ቀለም ቀቢውን ጠይቁ። እንዲያውም ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ጃንተከል ዋርካ አጠገብ ያቆመ ሰው ደግሞ የወፍ ኩስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ኩሱ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ሲመታው ክሊሩን ይበላዋል። ያያችሁት ዕለት እርጥብ ጨርቅ አስቀምጡበት፣ ይራስ፣ ከዚያ አንሱት። በጥፍር አትፋቁት።

ሴራሚክ የሚባለው ጠንካራ መከላከያ ሽፋንስ? አሁን አይደለም። ውድ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ጭረትም ቆልፎ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ ሳትጭሩ ማጠብ ልመዱ።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። ኮፈኑ ሲነካ ትኩስ ከሆነ አትጠቡ፤ ሳሙናው ይደርቅባችኋል። ከላይ ወደ ታች እጠቡ። ለቸርኬ ሌላ ጓንትና ሌላ ባልዲ ይኑራችሁ፤ የፍሬን ብናኝ ብረት አለበት። ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ላይ እንደተሰካ አይታጠብም። ውሃው መኪናዋ ላይ እንዲደርቅ አትተዉት፤ ነጭ ነጠብጣቡ በኋላ ያስቸግራችኋል።

ፎጣዎቹን ለብቻቸው እጠቡ፣ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ አጥር ላይ አታስጡ። መሬት የወደቀ ፎጣ ደግሞ ተራግፎ ወደ ቀለሙ አይመለስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቸርኬ ጨርቅ ነው።