ትንንሽ ልጆችን ይዞ እንጦጦ ለመውጣት

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ታች ፒያሳ ፀሐይ ሲያቃጥል እዚያ ጥላው ውስጥ ይበርዳል። ስለዚህ ልጆቹን በአንድ ወፍራም ጃኬት ከማፈን ስስ ልብስ ደራርቡላቸው። ሲሮጡ ያልባቸዋል፣ አንዱን ታወልቃላችሁ። ሲቀመጡ መልሳችሁ ታለብሳላችሁ። ኮፍያ ግን ግድ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ቆዳ ይለበልባል።

እኔ የሁለት ዓመቷን ልጄን በአንቀልባ አዝላታለሁ። ዳገት ላይ ጋሪ መግፋት ክንድ ይጨርሳል። ትልቁ በእግሩ ይሄዳል፣ ግን ቶሎ ይደክመዋል። ባሕር ዛፉ ሥር አረፍ እያላችሁ፣ ውኃ እያጠጣችኋቸው ሂዱ።

ለምሳ ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል። ቆሎ አትያዙ! ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሽምብራም ሆነ ኦቾሎኒ ሊያንቀው ይችላል። አያታቸው ቢቆጡም በዚህ አልደራደርም።

ከመነሳታችሁ በፊት ስልክ ቁጥራችሁን ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ በተለይ ሰው በሚበዛበት ቀን። በጠዋት ውጡ። መነጫነጭ ሲጀምሩ «ትንሽ እንቆይ» አትበሉ፤ ወዲያው ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ውረዱ።