በላፕቶፕ ያማረ፣ በስልክ የተዘበራረቀ ገጽ፦ ችግርና መፍትሄ

ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች ድረ ገጽ ሠራችሁ፣ መልኩንም በሲኤስኤስ (CSS፣ የገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ) አስተካከላችሁ እንበል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ወደቡ ላይ በአሮጌ ስልክ ሲከፈት ግን ሌላ ነው።

ካርዶቹ ተጣብቀዋል

ፍሌክስቦክስ (flexbox፣ ካርዶችን በተርታ የሚደረድር የሲኤስኤስ ዘዴ) ውስጥ ጋፕ (gap፣ በመካከላቸው ክፍተት የሚሰጥ ትእዛዝ) ተጠቅማችኋል ማለት ነው። ክሮም ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 በቨርዥን 84 ነው፤ ሳፋሪ በ2021 በ14.1። ከዚያ በፊት ያሉት ዝም ብለው ያልፉታል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቀጥሎ ነው። በሰፖርትስ ሕግ (@supports፣ ብራውዘሩ አንድን ትእዛዝ ማወቁን የሚመረምር) «ጋፕ ታውቃለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ቨርዥን 70 ክሮም «አዎ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግሪድ (grid፣ በረድፍና በዓምድ የሚደረድር ሌላ ዘዴ) ውስጥ ያውቀዋል። ፍሌክስ ውስጥ ግን አይሠራለትም። ስለዚህ በዚህ ምርመራ አትተማመኑ። ካርዶቹን ወደ ግሪድ አዙሩ፣ ከጋፕ መስመር በላይ ደግሞ ግሪድ-ጋፕ (grid-gap) የሚለውን የድሮ ስም ጨምሩ። ፍሌክስን መተው ካልቻላችሁ ለካርዶቹ ማርጅን (margin፣ የውጭ ክፍተት) ስጡ።

የመጨረሻው መስመር ተቆርጧል

ይሄ ለእኔ ከሁሉም ይከፋል። ክብራን ገብርኤል ሴቶችን አያስገባም። ያ ማሳሰቢያ ካርዱ ግርጌ ላይ ተቆርጦ ከቀረ፣ አንዲት እንግዳ የጀልባ ከፍላ ደጅ ላይ ትቀራለች። ምክንያቱ ለካርዱ የተሰጠው ቋሚ ቁመት ነው። የስልኩ የግዕዝ ፎንት ከላፕቶፑ ይለያል፤ ጽሑፉ ሰፍቶ አንድ መስመር ሲጨምር ቦታ ያጣል። ሃይት (height) የሚለውን ሚን-ሃይት (min-height፣ ዝቅተኛ ቁመት) አድርጉት። ካርዱ ከጽሑፉ ጋር ያድጋል።

ገጹ ወደ ጎን ይንሸራተታል

ወርድ 100 ፐርሰንት ላይ ፓዲንግ (padding፣ የውስጥ ክፍተት) ተጨምሯል። ቦክስ-ሳይዚንግን (box-sizing) ቦርደር-ቦክስ (border-box) በሉት፤ ፓዲንጉ በወርዱ ውስጥ ይቆጠራል፣ አለቀ።

ስታይሉ ጭራሽ አልመጣም

የስታይል ፋይሉን ስም እዩ። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ሰርቨር ይለያል። ላፕቶፓችሁ ላይ የሠራው ሊንክ ሰርቨሩ ላይ 404 (አልተገኘም) ይሆናል። ሁሉንም በትንሽ ፊደል ጻፉ።

ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል

አንዱ ስታይልሺት (የስታይል ፋይል) ሌላውን በኢምፖርት (@import) እየጠራ ነው። ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ካላወረደ ሁለተኛው መኖሩን አያውቅም። ኔትወርክ ሲደክም ይህ መጠባበቅ ያስመርራል። ኢምፖርቶቹን አውጥታችሁ ፋይሎቹን በገጹ ሄድ (head፣ የኤችቲኤምኤሉ መግቢያ ክፍል) ውስጥ በየራሳቸው ሊንክ ታግ ጥሯቸው፤ አብረው ይወርዳሉ።

አስተካክላችሁም ደንበኛው አሮጌውን ያያል

ካሽ ነው፤ ብራውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ። ሊንኩ ላይ ከፋይሉ ስም ኋላ የጥያቄ ምልክትና የቨርዥን ቁጥር ጨምሩ፣ በነካካችሁት ቁጥር ቀይሩት። ደንበኛውን «ካሽህን አጥፋ» እያሉ ማስቸገር አያስፈልግም።