45 ዲግሪው ለምን 53 ሆኖ ተነበበ?

ተማሪዎች የክንድን ማዕዘን በካሜራ የሚለካ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፊት ቆመው በአንድ ክንዳቸው ከአግድም መስመር ተነሥተው ማዕዘን ሲሠሩ 90ው ልክ ይመጣል፣ 45ቱ ግን 53 ይባላል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እንደ ሚዲያፓይፕ ያሉ የሰውነት መከታተያ ፕሮግራሞች የትከሻንና የእጅ አንጓን ነጥብ ከ0 እስከ 1 ባለው ልኬት ይሰጣሉ፤ ምስሉ ግን 640 በ480 ፒክስል ነው። አግድሙ ለ640፣ ቁመቱ ለ480 ስለሚካፈል እኩል የነበሩት ሁለት ጎኖች 3 ለ4 ይሆናሉ፤ ማዕዘኑም 53.1 ይደርሳል። ሽቅብ የተዘረጋ ክንድ ስለማይዛባ በ90 ብቻ የሞከረ ሰው ስህተቱን አያየውም።

ማዕዘኑ ከመሰላቱ በፊት ኤክስን (አግድሙን) በ640፣ ዋይን (ቁመቱን) በ480 ማባዛት ነው መፍትሔው።

ከዚያም በኋላ ፕሮግራሙ 45ቱን 49 ብሎ ካነበበ ልጁ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ዞሮ ቆሞ ይሆናል፤ ያኔ በምስሉ ላይ የክንዱ አግድም ርዝመት ያጥራል። ወለሉ ላይ ለካሜራው ትይዩ የሆነ ፕላስተር ለጥፎ የሁለቱንም እግር ጣቶች እዚያ ማስቆም ይበቃል። ቁጥሩ ከተንቀጠቀጠ የ5 ፍሬም (የቪዲዮው ነጠላ ምስሎች) አማካይ ይወሰድ።

ቁጥሩ ግን ወዲያው አይታይ። ከታየ ልጆቹ 45 እስኪመጣ ክንዳቸውን ያወዛውዛሉ እንጂ አይገምቱም። መጀመሪያ ግምታቸውን ይናገሩ፣ ክንዳቸውን ለ3 ሰከንድ ያቁሙ፣ ከዚያ ይገለጥ።