መስፈርቱን በሙሉ ሳያሟሉ ለሥራ ማመልከት፦ መቼ ያዋጣል? እንዴትስ ይጻፋል?

ማስታወቂያው ላይ «አምስት ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለውን ሲያዩ ገጹን ዘግተው የሚሄዱ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያ ዝርዝር እንዴት እንደሚዘጋጅ ይወቁ። የክፍሉ ኃላፊ የሚፈልገውን ይጽፋል፤ የሰው ሀብት ክፍል ከቀድሞ ማስታወቂያ ጥቂት መስመሮች ይገለብጣል፤ ሥራውን የለቀቀው ሰው በዓመታት ያካበተው ችሎታም ይታከልበታል። ሁሉንም የሚያሟላ ሰው ቢገኝ እንኳ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሥራ ሌላ ቦታ እየሠራ ነው፤ ለመልቀቅ ምክንያት ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ሲቪውን ከመነካካትዎ በፊት ማስታወቂያውን ይበትኑት። እያንዳንዱን መስፈርት «የግድ»፣ «ዋና» ወይም «ቢኖር ጥሩ» ብለው ይመድቡ።

የግድ የሚባሉት ሕግ ወይም ደኅንነት የሚያስገድዳቸው ናቸው፦ የሙያ ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ በአገሩ የመሥራት ፈቃድ። ከነዚህ አንዱ ከሌለዎት ይለፉት። ፈቃዱ በሂደት ላይ ከሆነ ግን የሚወጣበትን ወር ጠቅሰው ማመልከት ይችላሉ።

ዋናዎቹን ለመለየት ከመስፈርቱ ይልቅ የሥራ ዝርዝሩን ያንብቡና ግሦቹን ያስምሩባቸው። በመደቡ ስያሜም፣ በሥራ ዝርዝሩም፣ በመስፈርቱም ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር ዋና ነው። አንዴ ብቻ፣ ያውም ከታች በኩል የተጠቀሰ ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ ቢኖር ጥሩ ነው። «ቢኖረው ይመረጣል» የተባለውማ ራሱ ነግሮናል።

የዓመት ቁጥር ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ቀጣሪው በቁጥሩ የሚለካው ያለ ተቆጣጣሪ ምን ያህል መሥራት እንደሚችሉ ነው። ሦስት ተጠይቆ ሁለት ካለዎት ያመልክቱ። ስምንት ተጠይቆ አንድ ካለዎት ግን ልዩነቱ የደረጃ ነው፤ ሰው መምራትና በጀት መያዝ ሊጠበቅብዎት ይችላል። አመልካችን በነጥብ በሚመዝኑ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ዓመቱ ቃል በቃል ስለሚቆጠር፣ እዚያ «ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» የሚል ሐረግ መኖሩን ይፈልጉ።

የግዱን ሁሉ፣ ከዋናዎቹ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ካሟሉ ማመልከቱ ተገቢ ነው እንላለን። «እኔ አልመጥንም» የሚለው ስሜት በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ይህን ስሜት ሲገልጹ፣ ያጠኑት በትምህርትና በሙያ የተሳካላቸውን ሴቶች ነበር። ስሜቱ ስለ ችሎታዎ የሚነግርዎት ነገር ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ሲቪው። ወረቀት ለሁለት ከፍለው በግራ ዋናዎቹን መስፈርቶች፣ በቀኝ ማስረጃዎን ይጻፉ። የተከፈለዎት ሥራ ብቻ አይደለም ማስረጃ የሚሆነው፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ የማኅበር ሒሳብ መያዝም ይቆጠራል። ለምሳሌ ማስታወቂያው «መረጃ ማጠናቀርና ሪፖርት ማዘጋጀት» ይላል እንበል። «በመጋዘን ረዳትነት ሠርቻለሁ» የሚለው መስመር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። «የ3 መጋዘኖችን የዕቃ መዝገብ በየሳምንቱ በኤክሴል አመሳክሬ፣ የጎደለውን ለይቼ ለግዢ ክፍል ሪፖርት አቀርብ ነበር» ቢሉ ግን መጠኑ፣ ድግግሞሹ፣ መሣሪያውና ሪፖርቱን የሚቀበለው ክፍል ሁሉ ይታያል። ሥራው ያው ነው።

ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ቃል ይጠቀሙ። እነሱ «የደንበኞች አገልግሎት» ያሉትን እርስዎ «እንግዳ መቀበል» ካሉት፣ ማመልከቻ የሚያጣራው ሶፍትዌርም ሆነ የሚቸኩለው ሠራተኛ ሊያልፈው ይችላል። ሶፍትዌሩ በሠንጠረዥ፣ በሥዕል ወይም በገጹ ራስጌ ላይ ያለ ጽሑፍ ሊስተውም ይችላል። ፒዲኤፉን ሙሉ በሙሉ ገልብጠው ባዶ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይለጥፉት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዘባረቀ ለሶፍትዌሩም እንደዚያ ሊታየው ይችላል። «አዎ» ወይም «የለም» በሚያስመርጡ የኦንላይን ጥያቄዎች ላይ እውነቱን ይሙሉ። የሐሰት «አዎ» ከተቀጠሩ በኋላም ሊያሰናብት ይችላል።

የማመልከቻ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ከ250 እስከ 350 ቃላት ይበቃል። ዋናው ጥፋት «ምንም እንኳ በቂ ልምድ ባይኖረኝም» ብሎ መጀመር ነው። አንባቢው ገና ሳይጠይቅ እምቢ የሚልበትን ምክንያት በእጁ ሰጡት ማለት ነው። ከሥራው ጋር በሚገጥም ጠንካራ ማስረጃ ይጀምሩ፤ ጉድለቱን ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዴ ብቻ ይጥቀሱ። ማስታወቂያው ፓወር ቢአይ የተባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ጠይቆ ከሆነ ለምሳሌ፦ «ፓወር ቢአይን ለሥራ አልተጠቀምኩበትም፤ ተመሳሳይ ሪፖርቶችን በኤክሴል ፒቮት ቴብል አዘጋጃለሁ፣ ፓወር ቢአይን ደግሞ በናሙና መረጃ እየተለማመድኩ ነው።» እየተለማመዱ ካልሆነ ግን አይጻፉት፤ ቃለ መጠይቁ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ሊሆን ይችላል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ሠርተው ያውቃሉ?» ሲባሉ ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ። «አልሠራሁም» ይበሉ፤ ቀጥለው የሚቀርበውን ሥራዎን፣ ከዚያም ቢቀጠሩ በመጀመሪያው ሳምንት ከየት እንደሚጀምሩ ይናገሩ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። «ቶሎ እማራለሁ» ሁሉም አመልካች የሚለው ነው፤ በቅርቡ ምን ተምረው በስንት ጊዜ ሥራ ላይ እንዳዋሉት ይንገሯቸው።

አሥር ያህል ቦታ አመልክተው አንድም ጥሪ ካልመጣ፣ ሲቪውን ወይም የመረጡትን ደረጃ ይፈትሹ። ጥሪ እየመጣ ቅጥር ከሌለ ሲቪው ሥራውን ሠርቷል፤ መልሶችዎን ጮክ ብለው ይለማመዱ።