ለሳይክል ሰው የበዓል ስጦታ ስትገዙ መጀመሪያ ጎማውን አንብቡ

ሐዋሳ ላይ ከታኅሣሥ ገብርኤል እስከ ገና ባለው ጊዜ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ይለያል። በሌላው ወቅት የሚመጣው ጎማው የተነፈሰበት ወይም ፍሬኑ የላላበት ነው። በዚህ ሰሞን ግን ሰው ሳይክል ሳይዝ ይመጣል።

«ለወንድሜ አንድ ነገር ልግዛለት ብዬ ነው፤ ሳይክል ነፍሱ ነው።»

«ምን ዓይነት ሳይክል ነው ያለው?»

«ቀይ።»

በቀይ መለዋወጫ አይሸጥም። እኔ የምፈልገው ሦስት ፎቶ ነው፦ የጎማው ጎን፣ የቫልቩ ጫፍና የኋላው ማርሽ። ባለቤቱ እንዳያውቅ ከፈለጋችሁ ቡና ሲፈላ ወደ ደጅ ወጣ ብላችሁ በስልክ አንሷቸው።

የጎማው ጎን ላይ 26 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። 26 × 1.95 ወፍራሙ የማውንቴን ጎማ ሲሆን የሚገባው 559 ሚሊ ሜትር በሆነ ቸርኬ ላይ ነው። 26 × 1⅜ ደግሞ ቀጠን ላለው የድሮ ሳይክል የተሠራ ነው፤ ቸርኬው 590 ነው። አንዱ በሌላው ላይ በጉልበትም አይገባም። 28 ላይም እንዲሁ ነው፤ እነ ፊኒክስ የሚባሉት ሳይክሎች የሚጠቀሙት 28 × 1½ ለ635 ቸርኬ ሲሆን ኮርሳ (የውድድር ሳይክል) ላይ 700 የሚባለው ለ622 ነው። ስለዚህ ትልቁን ጽሑፍ ተዉትና በሰረዝ የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፤ 50-559 ወይም 37-622 ዓይነት። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የቸርኬው ልክ ነው፤ እሱ የግድ መመሳሰል አለበት። ከሰረዙ በፊት ያለው የጎማው ስፋት ስለሆነ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ችግር የለውም።

ቫልቩ ወፍራም፣ የመኪና ዓይነት ከሆነ የትም ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ የምትፈታ ትንሽ ብሎን ያለችው ግን የራሱን መንፊያ ይፈልጋል። ለቀጭኑ በተበሳ ቸርኬ ወፍራሙ ቫልቭ አያልፍም፤ ስለዚህ የውስጥ ጎማ ስትገዙ ስፋቱን ብቻ አትመልከቱ። መንፊያ ስትገዙም ሁለቱንም የሚቀበል አፍ ያለውን ምረጡ።

ይህን ያህል ስለ ጎማ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ገና በበጋ ነው የሚውለው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ኩርንችቱ ይደርቅና ከጥርጊያው ዳር ወደ መንገዱ ይገባል፣ የግራሩም እሾህ አለ። እኔ ዘንድ ከየትኛውም ወር ይልቅ ጎማ የሚለጠፈው በእነዚህ ወራት ነው። የሳይክሉን ባለቤት ጨርሶ የማታውቁት ከሆነ ልኩን የጠበቀ አንድ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና አነስተኛ መንፊያ አብራችሁ ስጡት። መለጠፊያው ውስጥ ሦስት ነገር መኖሩን አረጋግጡ፦ ብርጭቆ ወረቀት፣ ልጣፍና ማስቲሽ። የማስቲሹን ቱቦ ጫን አድርጓት፤ ብዙ ጊዜ መደርደሪያ ላይ የቆየች ከሆነች ውስጧ ደርቆ ታገኟታላችሁ።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። በብዛት የሚገዛው ለልጅ ነው፤ በብዛት የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ወላጅ ጫማና ሱሪ ሲገዛ «ያድግበታል» ብሎ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ሳይክል ላይ ይህ አይሠራም። እግሩ መሬት ያልነካ ልጅ ይፈራል፣ የፈራ ልጅ ደግሞ ሳይክሉን አስደግፎ ኳስ ይጫወታል። በግምት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ላለው 12 ወይም 14 ኢንች፣ ለአምስትና ለስድስት 16፣ ከሰባት በላይ 20 ይሆናል። ግን ዕድሜውን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ ልጁን ይዛችሁ ኑ፣ ካልሆነም የውስጥ እግሩን ቁመት ለኩ። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት ይንካ፣ ጣቶቹም ፍሬኑን ይያዙ። የፍሬኑ ዘንግ ከእጁ ከራቀ ቁልቁለት ላይ ያለ ፍሬን እንደ መልቀቅ ነው።

ጎን ላይ የሚታሰሩትን ትንንሽ ጎማዎች አልወዳቸውም። ልጁ ሚዛን መጠበቅ የሚማረው እነሱ ሲወልቁ ነው፤ ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን? ፔዳሎቹን ፍቱና ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ፤ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይንሸራተት። ሚዛኑን ሲይዝ ፔዳሉን መልሱለት። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ነው፤ ይህን ሳያውቅ የታገለ አባት የፔዳሉን የብሎን ጥርስ አበላሽቶ ነው ወደ እኔ የሚመጣው።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚረሳው ነጂ አለ፤ በሳይክል እንጀራውን የሚያገኘው። ዳቦ ያመላልሳል፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ያመጣል፣ በበዓል ሰሞን ዶሮውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ቄጤማውን ከኋላ አስሮ ከሰው ቤት ሰው ቤት ይዞራል። ለዚህ ሰው የሚያብረቀርቅ ነገር አትግዙ። የኋላውን ጎማ አይታችሁ ወፍራም አዲስ ጎማ ግዙለት፤ ክብደቱ በሙሉ እዚያ ስለሚያርፍ ከፊቱ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ቀጥሎ የፍሬን ጎማና ካቦ ነው፤ ኩንታል የጫነ ሳይክል ማቆም ከማስነሳት ይከብዳል። ሁለት እግር ያለው ማቆሚያም ደስ ይለዋል፤ በአንድ እግር የቆመ ሳይክል ላይ ሲጭን አንድ እጁ ሁልጊዜ ደግፎ መያዝ አለበት።

ገንዘባችሁ ከፈቀደ ግን ለእሱ የሚበልጠው ሙሉ እድሳት ነው፤ ኩሽኔታዎቹ ተፈትተው ታጥበው፣ ግራሶ ተቀብተው፣ የቸርኬው ሽቦዎች ተወጥረው። ሒሳቡን ቀድማችሁ ክፈሉና ቀኑን ከገና በኋላ አድርጉት። በበዓል ዋዜማ ሳይክሉን ለግማሽ ቀን መውሰድ ገበያውን መውሰድ ነው። ጠጋኙም በጥድፊያ ከሚሠራው በኋላ ተረጋግቶ ቢሠራው ይሻላል፤ ስለ ራሴ ነው የምናገረው።

ተማሪ ከሆነ አጭር ነው፦ ቁልፍና መብራት። ሰንሰለቱ ቀጭን ከሆነ በፒንሳ ይቆረጣል፤ ወፍራም ይሁን፣ ፍሬሙንና ቸርኬውን አንድ ላይ ከብረት ጋር ለማሰር የሚበቃ ርዝመትም ይኑረው። መብራት ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፤ በስልክ ቻርጀር የሚሞላው ምቹ ነው። ለእህታችሁ ከሆነ የካቴና መሸፈኛ ጨምሩበት፤ ቀሚስ የሚበላው ካቴናው ነው።

ሔልሜት ለማንም ይሆናል፣ ግን በግምት አይገዛም። ለምሳሌ ለእህታችሁ ከሆነ በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ በላይ ጭንቅላቷን ዙሩና ሴንቲ ሜትሩን ጻፉ፤ ልኩ ከሔልሜቱ ውስጥ በኩል ተጽፏል። ሹሩባ የምትሠራ ከሆነ ከሹሩባዋ ጋር ለኩ። ስታጠልቀው ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ክፍት ይሁን። ያገለገለ አትግዙ፤ አንድ ጊዜ ከመሬት ጋር የተጋጨ ሔልሜት ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል።

ኮርሳ የሚነዳው ወጣት ከሁሉም ያስቸግራል። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ከተወዳደረ ወዲህ ስለ ሳይክል የሚያወሩ ልጆች ዕቃ መምረጥም አብረው ተምረዋል። ኮርቻ፣ ጫማና ፔዳል ለእሱ ተዉለት፤ እነዚህ የሰውነት ልክ ናቸው። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ጥሩ ነው፤ ያለ ውስጥ ሱሪ ነው የሚለበሰው፤ እናት ለልጇ ስትሰጥ ይህን የማስረዳቱን ሥራ ለእኛ ትተወው። ካቴና መግዛት ከፈለጋችሁ ሦስተኛው ፎቶ እዚህ ነው የሚያስፈልገው፤ የኋላውን ማርሽ ክቦች ቁጠሩ፤ ለ8 የተሠራው ካቴና ለ11 ይወፍራል። ማለቅ አለማለቁን ለማወቅ የብረት ማስመሪያ በቂ ነው፦ አዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን መሐል 12 ኢንች ስትለኩ ሌላ ፒን ልክ እዚያው ላይ ያርፋል። በ1/16 ኢንች ካለፈ ማርሹንም ሳይበላው ይቀየር።

የካቴና ዘይትም ጨምሩ፤ ለደረቅ ወቅት የተሠራው ይሁን። ከጋራዥ የሚለቀም የተቃጠለ የመኪና ዘይት አቧራ ይሰበስብና ካቴናውን እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። ወደ ወንዶ ገነት አቀበት ለሚወጣ ልጅ ከውጭ የመጣ፣ ለጉልበት የሚበላ ጣፋጭ ጄል ፍለጋ ከተማ አትዙሩ። በሶ በማር ለውሳችሁ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥሩለት፤ ከእናቱ እጅ ከሆነ ደግሞ አያካፍልም።

ሐኪም «እንቅስቃሴ አድርጉ» ብሏቸው በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርዱ ጋሼዎች አሉ። ለእነሱ ሰፋ ያለ ኮርቻ፣ ቃጭልና የጎን መስታወት ግዙ፤ ባጃጅ ከኋላ ሲመጣ አንገት ማዞር ይከብዳቸዋል። ኮርቻውን አስተካክላችሁ ስጧቸው፦ ፔዳሉ ወደ ታች ሲሆን ተረከዛቸውን ሲያሳርፉበት ጉልበታቸው ቀጥ ይበል። ጉልበቴን አመመኝ የሚሉት አብዛኞቹ ኮርቻቸው ዝቅ ያለ ነው።

ከአሜሪካም ከዱባይም «ምን ይዤ ልምጣ?» የምትሉ፣ ሳይክል አታምጡ፤ ኪሎው ይበላችኋል። ቀላልና እዚህ ጥሩው የማይገኘውን ያዙ፦ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፎች ያሉት ተጣጣፊ መፍቻ፣ የፍሬን ካቦ፣ ልኩ የታወቀ የውስጥ ጎማ። በጋዝ ጥይት የሚነፋውን መንፊያ ተዉት፤ ጥይቱ ሲያልቅ ምትክ አይገኝለትም፣ ኤርፖርት ላይም ሊያዝባችሁ ይችላል። ሊቲየም ባትሪ ያለውን መብራት በእጅ ሻንጣ ያዙት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስቱን ፎቶ አስልኩ።